ከጽኑ ሕሙማን አልጋ እስከ ዕርፍ ጭበጣ
ከሴፕሲስ የተረፈ ሰው ጤና በምን ይለካል?

ሴፕሲስ፥ በተለምዶ የደም መመረዝ የሚባለው፥ ሰውነት ከገባበት ተሕዋስ ጋር ሲዋጋ የመከላከሉ ሥራ ልኩን አልፎ የራሱን ሳንባ፥ ኵላሊት፥ ልብና አእምሮ ሲጎዳ የሚደርስ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ትርጓሜም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሰፊ ጥናት እንደ ገመተው በ2017 ብቻ በዓለም 48.9 ሚሊዮን የሴፕሲስ ሕመም ደርሷል፤ ከዚሁም ጋር 11 ሚሊዮን ሞት ተያይዟል። የበሽታው ትልቁ ሸክም የወደቀው እንደኛ ባሉ አገሮች ላይ ነው።

ስለዚህ ሕመም የሚጻፉት ጥናቶች መብዛታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሽተኛው በ28ኛው ወይም በ30ኛው ቀን በሕይወት አለን? የሚል ነው። ካለ «ተረፈ» ተብሎ ይመዘገባል፤ መዝገቡም በዚያው ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ በቂ አለመሆኑን፥ ከዚያም አልፈው የሄዱት ጥናቶች የሚሠሩባቸው መለኪያዎች ለፍኖተ ሰላም፥ ለቡሬና በዙሪያቸው ላለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ሕዝብ ልክ አለመሆናቸውን ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ለሥራው የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቴዎዶር አይዋሺናና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፥ ከከባድ ሴፕሲስ በተረፉት ሰዎች ዘንድ መካከለኛ ወይም ከባድ የማሰብ ጉድለት ያለባቸው ከ6.1 በመቶ ወደ 16.7 በመቶ ማደጋቸውን አሳይተዋል። በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጽኑ ሕሙማን በ10 ቀን ውስጥ ከጭናቸው ጡንቻ ስፋት 17.7 በመቶ ያህሉን እንደሚያጡ ለክቶ አስረድቷል። ሃሊ ፕሬስኮትና ዴሬክ አንገስ እ.ኤ.አ. በ2018 ነገሩን ሲያጠቃልሉ፥ ከሆስፒታል በሕይወት ከወጡት ግማሽ ያህሉ ይድናሉ፤ ሲሶው በሚቀጥለው ዓመት ውስጥ ይሞታሉ፤ ስድስተኛው እጅ ከባድ ጉድለት ይዘው ይኖራሉ ብለዋል። እንግዲህ ከአልጋ መነሣት ማለት መዳን ማለት እንዳልሆነ ያወቅነው በነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

አሁን ወደ ትችታችን እንመለስ። በአይዋሺና ጥናት የተመረመሩት ሰዎች አማካይ ዕድሜ 77 ዓመት ገደማ ነበር። በኛ ገጠር ግን ሴፕሲስ ከሚይዛቸው መካከል በወሊድ ምክንያት የተመረዘች ወጣት እናት፥ አንጀቱ የተበሳ ጐልማሳ፥ የሳንባ ምች ያጠቃው ገበሬ ይገኙበታል። ለሽማግሌ የወጣ ሒሳብ ለነዚህ ሰዎች እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት እነርሱ ናቸውና።

ሁለተኛው ነቀፌታ መለኪያዎቹን ይመለከታል። ሲድኒ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው መለኪያ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም መታጠብ፥ መልበስ፥ መጸዳጃ መሄድ፥ ከአልጋ መነሣት፥ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቈጣጠር፥ መብላት ናቸው። ይህ በየትም አገር የሚያገለግል ነው፤ ነገር ግን ወለሉ በጣም ዝቅ ያለ ነው። በጃቢ ጠህናን የሚኖር አንድ ገበሬን እናስብ። ልብሱን ራሱ ይለብሳል፤ እንጀራውን ራሱ ይበላል፤ ስለዚህ ስድስት ከስድስት ያገኛል። ግን ዕርፍ ጨብጦ ከሁለት ትልም በላይ መሄድ ካልቻለ፥ ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ መታረስ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ወንፈል የገባበትን ቀን ሳይከፍል ይቀራል። በመዝገብ ጤነኛ ሁኖ በቤቱ ግን ድኻ ሁኗል። ጎረቤትም ምክንያቱን ስለማያውቅ «ሰነፈ» ይለዋል።

ሎውተንና ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት መለኪያ ከዚህ ከፍ ያለ ነው። ስምንት ጥያቄዎች ሲኖሩት የመጀመሪያው በስልክ ስለ መጠቀም ነው። ከዚህም ሌላ ምግብ ማብሰል፥ ቤት ማሰናዳትና ልብስ ማጠብ ለወንዶች ሳይጠየቁ የሚቀሩበት ልማድ ነበር። ይህ ሁሉ ለከተማ ኑሮ የተሰፋ ልብስ ነው። እንስራ ተሸክማ ከምንጭ የምትመለስን፥ ምጣድ አሟሽታ የምትጋግርን ሴት ድካም አይመዝንም። የማሰብ ኃይልን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና እጅግ የተስፋፋው ፈተናም ዓረፍተ ነገር ማጻፍንና ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጽ ማስገልበጥን ይጨምራል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው በዚህ ቢወድቅ የወደቀው በሴፕሲስ ነው ወይስ በትምህርት እጦት? «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ነገ ሚካኤል ነው» የሚል ሽማግሌ ቀኑ 11 መሆኑን በትክክል መልሷል። መላሹን ለመረዳት ጠያቂው አገሩን ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው ነቀፌታ ስለ ፍለጋው ነው። በስልክ የሚደረግ ክትትል ስልክ ያለውንና ለመንገድ የቀረበውን ይመርጣል። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ የራቀው ሰው ቢሞት «የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የደረሰው ጦርነት ደግሞ ወደ ቀጠሮ መመለስን ይበልጥ አስቸግሯል። እንግዲህ የጠፉትን ከሒሳብ ያወጣ ጥናት የሚያሳየን የቀናቸውን ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንዱ፥ የጽኑ ሕሙማን አልጋ እንኳ ባልበቃበት አገር ስለ ነገ ጤና መነጋገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ በሬ ተሸጦ የተረፈ ሰው ከዓመት በኋላ በችጋር ወይም በሁለተኛ ሕመም ከሞተ ውድ የሆነው አልጋ ፍሬ አላፈራም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሕክምናውን ወጪ ቢያቀልም ያልታረሰ ማሳ አይተካም።

ሌላው ተቃውሞ፥ የራሳችንን መለኪያ ብናወጣ ከዓለም ጋር መነጻጸር አንችልም የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ስለዚህ የካትዝን ስድስት ጥያቄዎች መጣል ሳይሆን በላያቸው የአገሩን ሥራ መጨመር ይገባል። ከውጭ የመጣውን ሳይፈትኑ መቀበል ግን ሊጎዳ እንደሚችል የዛምቢያ ምሳሌ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው የሉሳካ ጥናት፥ የደም ግፊታቸው ከወረደ 209 ሕሙማን መካከል በሥርዓት ብዙ ፈሳሽ የተሰጣቸው 48.1 በመቶ ሲሞቱ እንደ ተለመደው ከታከሙት የሞቱት 33.0 በመቶ ነበሩ። በጀርመን አገርም እ.ኤ.አ. በ2016 በ291 ሕሙማን ላይ የተሞከረው የክትትል ዘዴ በስድስት ወር የአእምሮ ጤና ኑሯቸውን አላሻሻለም። ስለዚህ ክትትልም ቢሆን ተፈትኖ የሚገባ እንጂ ተገልብጦ የሚተከል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ በሽተኛው ከሆስፒታል ሳይወጣ ስለ ሕመሙ እንዲነገረው፥ የኑሮ ድጋፉም እንዲጠየቅ፥ ከወጣም በኋላ አካሉና አእምሮው እንዲመረመር ይመክራል። ይህን በገጠር ለመፈጸም አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች ቤት ለቤት ይደርሳሉ። በሽተኛው ሲወጣ አንድ ገጽ ማስታወሻ በአማርኛ ቢጻፍላቸው፥ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ሄደው «አርሰሃል? ውኃ ቀድተሻል? ገበያ ወርደሃል? ቅዳሴ ቆመሻል? የዕቁብሽን ቀን ታስታውሻለሽ?» ብለው ቢጠይቁ፥ በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት ብዙ ቅጾች የበለጠ እውነት ይሰበስባሉ።

ይህን ጥያቄ አዘጋጅቶ መሞከር የኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው፤ ስሕተታችንን ማረም ደግሞ የመምህራኖቻችን ነው። እስከዚያው ድረስ «ተረፈ» የሚለውን ቃል በመዝገብ ስንጽፍ፥ ከምን እንደ ተረፈ ብቻ ሳይሆን ለምን ዓይነት ኑሮ እንደ ተረፈ ገና እንዳልጠየቅን እንወቅ።