የካቲት 12ን በነሐስ ያጸኑ እጆች

በስድስት ኪሎ አደባባይ መካከል የቆመውን ሐውልት አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመኪና መስኮት ነው። ታክሲው አደባባዩን ሲዞር ነጣ ያለ የድንጋይ ዓምድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲወጣ ይታያል፤ ወደ ግርጌው ደግሞ የጠቆረና የተወጣጠረ ነገር አለ። ዓይን ዓምዱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ታክሲውም ያልፋል። የሐውልቱ ነፍስ ያለው ግን ታች፣ በዚያ በጠቆረው ነሐስ ላይ ነው። ዓምዱን ጥሩ ግንበኛ ሁሉ ሊያቆመው ይችላል። ነሐሱን ለመሥራት ግን ሰው ሲወድቅ አካሉ ምን እንደሚሆን ጠንቅቆ የሚያውቅ እጅ ያስፈልግ ነበር።

ቀኑን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያው እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ ለኢጣሊያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሕፃን መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ አዘዘ። ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት አብዛኞቹ ችግረኞች፣ አሮጊቶች፣ ዓይነ ስውራን ነበሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ የሆነው ነገር ሁለቱን ሰዎች ፍለጋ አልነበረም። የፋሽስት ፓርቲው ሹም ጉዊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለሚለብሱት የፋሽስት ሚሊሻዎች ፈቃድ ሰጠ፤ ከተማዋ ለሦስት ቀን በጥይት፣ በዱላ፣ በአካፋና በቤንዚን ተቀጣች። ሰዎች በሣር ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ መዝግቧል፤ ጉዳዩን ለዓመታት የመረመረው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። በግንቦት ወር ግድያው ደብረ ሊባኖስ ገዳም ደረሰ። ከሞት የተረፉ ብዙዎች ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ ወደሚባል የበረሃ እስር ቤት ተጋዙ። እኛ አዳማዎች በየቀኑ የምንመላለስበት ወደ ሐረር የሚያወጣው መንገድ የዚያ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ስለዚህ የካቲት 12ን የአዲስ አበባ ብቻ ሐዘን አድርጌ አላየውም።

ሐውልቱ የቆመው በ1940ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ነው። የዩጎዝላቪያ መሪ የማርሻል ቲቶ ስጦታ ሲሆን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ ሁለት ክሮኤሺያዊ ቀራጮች ናቸው። አውጉስቲንቺች ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ያለውን፣ ወይራ የያዘች ሴት በፈረስ ላይ የተቀመጠችበትን የሰላም ሐውልትም ሠርቷል። ሐረር ውስጥ የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት የእሱ እጅ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሳው ሁከት ወድቋል። ከዚያ በፊት ሳላየው በመቅረቴ አዝናለሁ፤ የአንድን ቀራጭ ሥራ በደንብ የሚያሳየው ሌላው ሥራው ነውና።

ስለ ክርሺኒች ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። የተወለደው ኮርቹላ በተባለች የአድሪያቲክ ደሴት፣ ሉምባርዳ በሚባል የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር ነው፤ ሙያውን የጀመረውም ከድንጋይ ነው። ያችን ደሴት ከ1941 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ ጦር ያዛት። በዚያው ዘመን በዚያው ባሕር ላይ፣ ራብ በምትባል ሌላ ደሴት፣ ኢጣሊያኖች ሴትና ሕፃን ሳይለዩ ስሎቬኖችንና ክሮኤሺያውያንን አጎሩ። አውጉስቲንቺችም በጦርነቱ ጊዜ ከቲቶ ፓርቲዛኖች ጋር ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለ አዲስ አበባ እልቂት ሲሠሩ የሰው ቤት ሐዘን አልነበረም የሚሠሩት። የአንድ ሠራዊት ጫማ በሁለቱም አገር ተራምዷል። ነሐሱ ላይ ያ ይታያል ብዬ አምናለሁ፤ ሥራው የአዛኝ እንግዳ ሥራ አይመስልም።

ወደ ነሐሱ እንቅረብ። ቅርጽ ከግድግዳ የሚወጣበት ልክ አለው። ሳንቲም ላይ ያለው አንበሳ ከጀርባው ከፍ የሚለው በጣት ሲዳብሱት በሚሰማ ያህል ብቻ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ አካሉ ግማሹና ከዚያም በላይ ከግድግዳው ወጥቶ፣ ራሱና ክንዱ ተላቀው ለመሄድ ጥቂት የቀራቸው ነው። የየካቲት 12 ነሐስ የዚህ የሁለተኛው ወገን ነው። ልዩነቱ ጥላ ላይ ነው። ዝቅ ያለ ቅርጽ ጥላው ቀጭን መስመር ነው፣ ይነበባል። የወጣ ቅርጽ ግን የራሱን ጨለማ ይሠራል፤ በክንድና በደረት መካከል፣ በወደቀ ሰውና በላዩ በወደቀው መካከል ብርሃን የማይደርስበት ስፍራ ይፈጠራል። እዚያ ምን እንዳለ ዓይን አያውቅም። እልቂትን ለመቅረጽ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ምክንያቱም በዚያን ሦስት ቀን የሞተው ሰው አብዛኛው ያልታየ፣ ስሙ ያልተጻፈ ነው።

የእኛ ፀሐይ ደግሞ ሥራውን ታግዛለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ነች። በየካቲት አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምትቆመው፤ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል። የወጣ ግንባር የዓይኑን ጉድጓድ ያጨልመዋል፤ የራስ መሸፈኛ ጠርዝ ፊትን ይጋርዳል። ጠዋት ላይ ሐዘን የነበረው ፊት ቀትር ላይ ፊት መሆኑ ይጠፋና ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። የዛግሬብ ሰማይ እንዲህ ያለ ብርሃን የለውም፤ የዚያ አገር ፀሐይ በየካቲት ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ቀራጮቹ ይህን አስበውት ይሁን ሳያስቡት፣ ሥራቸው እዚህ መጥቶ በሰዓት ሰዓት መልኩን የሚለውጥ ነገር ሆኗል።

አዳማ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ያለው ወዳጄ አንድ የካቲት 12 አብሮኝ መጥቶ ነበር። እሱ በርና መስኮት የሚበይድ፣ የሰው ሥራ ሲያይ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን የሚፈልግ ሰው ነው። የመታሰቢያው አበባ ጉንጉን ከተቀመጠ በኋላ ወደ ሐውልቱ ጠጋ ብሎ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። «ወንድሜ፣ ይሄ በአንድ ጊዜ አልፈሰሰም። ስፌቱ የት ነው?» አለኝ። ብዙ ቆይቶ «በልብሱ እጥፋት ውስጥ ነው የደበቁት መሰለኝ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው አክብሮት የባለሙያ ለባለሙያ ነበር።

ጥያቄው ትክክል ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ነሐስ ብዙውን ጊዜ በክፍል በክፍል ነው የሚፈስሰው። መጀመሪያ በጭቃ ይቀረጻል፤ ከጭቃው ላይ በጀሶ ሻጋታ ይወሰዳል፤ ሻጋታው ውስጥ ስስ ሰም ይቀባል፤ ሰሙ እሳት በሚችል ነገር ይታሸግና ይጋገራል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ የተወውን ባዶ ቦታ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የቀለጠው ነሐስ ይሞላዋል። በሰም ቀርጾ በነሐስ ማፍሰስ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የመስቀል ሠሪዎቻችን ጥበብ ነው። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን ከፈሰሰ በኋላ ነው። ክፍሎቹ ይገጠማሉ፤ መገጣጠሚያው በመዶሻና በመሮ ይደበደባል፣ በሞረድ ይበላል፤ ከዚያ በዙሪያው ያለው የልብስ ሽክርክሪት፣ የጣት ምልክት ሁሉ በላዩ ላይ እንደገና ይቀረጻል። እጁ የደከመ ሠራተኛ እዚህ ላይ ይታወቃል፤ ሰውነቱ ሁሉ እኩል የለሰለሰ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ግን ልብሱ ልብስ፣ ቆዳው ቆዳ ነው። ጨርቁ ላይ መሮው ሻካራ ሆኖ ሄዷል፤ ክንድና ትከሻ ላይ ሞረዱ ረጋ ብሏል።

ከእጅ ሥራው በላይ የማከብረው ግን ምርጫውን ነው። ሐውልት የሚያሠራ መንግሥት ሁሉ ሟቹን ጀግና ማድረግ ይወዳል። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለውን፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ሰሞን በሰሜን ኮሪያዎች እጅ የቆመውን የትግላችን ሐውልት እዩት፤ እዚያ አብዛኛው ሰው ደረቱን ነፍቷል፣ ወደ ፊት ይራመዳል። ጥሩ ሠራተኞች ናቸው የሠሩት፤ ነገር ግን እዚያ የጎላው ሟቹ ሳይሆን ታጋዩ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ያሉት ሰዎች ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ናቸው፤ መሣሪያ የያዘው ገዳያቸው ነው። ቀራጮቹ ለሟቾቹ ያልነበራቸውን ጎራዴ አልሰጧቸውም። ደካማ አድርገው አሳይተዋቸዋል፤ ግን ድካማቸውን አላዋረዱትም። ይህን መለካት ትልቅ ነገር ነው፤ ጥቂት ቢያልፉ ርካሽ ልቅሶ፣ ጥቂት ቢያጎድሉ ፎቶግራፍ ይሆን ነበር።

ደግሞ ነሐሱ ዓምዱን ከቦ ስለሚዞር ከአንድ ቦታ ቆሞ ሁሉን ማየት አይቻልም። ሰው በእግሩ መዞር አለበት። በአዘቦት ቀን መኪናው አያስጠጋም። መንገዱ የሚዘጋው፣ አርበኞቹ ኒሻናቸውን ደርድረው፣ ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው የሚመጡት በዓመት አንድ ቀን ነው። ስለዚህ የመታሰቢያው ቀንና የሐውልቱ አሠራር ይገጣጠማሉ፤ ነሐሱ እንደታሰበው የሚታየው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያው ከአደባባዩ በእግር ጥቂት እንደሄዱ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ገነተ ልዑል ፊት ለፊት፣ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ የሚወጣና የትም የማይደርስ ደረጃ አለ። ኢጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዱ እርከን ለፋሽስት አገዛዝ አንድ ዓመት ነበር። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ በመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። እንደ ሙያ ካየነው ደረጃው ንጹሕ ሥራ ነው። አንበሳው ግን ከዚያ ሁሉ ሲሚንቶ ይበልጣል፤ ማን የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነውና።

በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ግራዚያኒ በተቀበረባት አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ፣ በሕዝብ ገንዘብ ለእሱ መታሰቢያ ተመረቀለት። ጠርብ የሆነ ሕንፃ፣ ላዩ ላይ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት ቃላት።  

የእኛው ነሐስ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። የመኪና ጭስ፣ የወፍ ኩስና ዝናብ ነሐስን ያቆስላሉ፤ አረንጓዴውና ጥቁሩ ሽፋን በእኩል ሲሆን ይጠብቀዋል፣ በነጥብ በነጥብ ሲሆን ግን ይበላዋል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ሲደርቅ ስስ ሰም መቀባት፣ ይህንንም በየዓመቱ መድገም። ሽቦ ብሩሽና ሳምፔፐር እንዳይነካው። ወዳጄ ይህን ሥራ ያለ ክፍያ እሠራዋለሁ ብሏል፤ አዳማ ውስጥ እሱን የሚመስሉ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። የካቲት 12 ከመድረሱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢታጠብና ሰም ቢቀባ ሰሙ ለመርጋት ጊዜ ያገኛል። ተማሪ ይዞ የሚመጣ አስተማሪም ከሥርዓቱ በፊት ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ቢደርስ፣ ብርሃኑ ከምሥራቅ በአግድም ስለሚመጣ በምሥራቁ ገጽ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ማሳየት ይችላል፤ ከዚያ ልጆቹ እስከ ቀትር ቆይተው ያንኑ ገጽ እንደገና ይዩት።