የነርቭ ሥርዓት ትምህርትና የስልክ ሽቦው ምሳሌ

የሰው ልጅ የነርቭ ሥርዓት በትምህርት ቤቶቻችን ሲሰጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው የክፍሎቹ ዝርዝር ነው። አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰር፣ ከአንጎል የሚነሡት 12 ጥንድና ከኅብለ ሰረሰር የሚነሡት 31 ጥንድ ነርቮች በሰሌዳ ላይ ይሰፍራሉ፤ ከዚያም አንጎል እንደ ስልክ ማዕከል፣ ነርቮችም እንደ ሽቦ ናቸው ተብሎ ትምህርቱ ይደመደማል። ምሳሌው ለመግቢያ ያህል መጥቀሙ አይካድም። ይሁን እንጂ መደምደሚያ ሲሆን ተማሪውን ያሳስታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጉድለቱን ማመልከትና ከአካባቢው የተወሰደ የተሻለ ምሳሌ ማቅረብ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ፍጥነትን ይመለከታል። በሽቦ የሚጓዝ ምልክት የአንድን ሰው ቁመት ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ያልፋል። በነርቭ የሚጓዘው መልእክት ግን እጅግ ፈጥኖ በሴኮንድ 120 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንዳንዱ የሕመም ስሜት የሚጓዘው በሴኮንድ ከ2 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ነው። እግሩ በድንጋይ የተመታ ሰው በመጀመሪያ ስለታም ሕመም፣ ቆየት ብሎም የሚያቃጥል ሕመም የሚሰማው ሁለቱ ስሜቶች በተለያዩ ነርቮች ስለሚጓዙ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ጉድለት ሽቦው ያልተቋረጠ መስሎ መታየቱ ነው። በአንድ ነርቭ ሕዋስና በሌላው መካከል የሚሊሜትር 50,000ኛ ክፍል ያህል የሆነ ክፍተት አለ። መልእክቱ ይህን ክፍተት የሚሻገረው በአብዛኛው በኬሚካል አማካይነት ነው። ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 የአንዲትን እንቁራሪት ልብ ምት የሚያዘገየውን ነርቭ ቀስቅሶ፣ በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ ወደ ሌላ እንቁራሪት ልብ ቢያዛውር፣ ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ምቱን አዘገየ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የስልክ ሽቦው ምሳሌ ይህን መሠረታዊ እውነት ፈጽሞ አይነካም።

በአማን፣ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ የሚያስተምር መምህር ግን ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ምሳሌው በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የበቀለው ቡና ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ ይጠራቀማል፤ ይህም በነርቭ ሕዋሳት ላይ በተዘጋጀለት መቀበያ ገብቶ ድካምንና እንቅልፍን ያመጣል። በቡና ፍሬም ሆነ በቅጠሉ የሚገኘው ካፌይን ቅርጹ ስለሚቀራረብ መቀበያውን ቀድሞ ይይዛል፤ ነገር ግን ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ቡና የድካሙን መልእክት ያግዳል እንጂ ድካሙን አያስወግድም። ቡና የለመደ ሰው አንድ ቀን ሲቀርበት ሐራራ ተነሥቶበት ራሱን የሚያመውም አንጎሉ ከካፌይኑ ጋር ተላምዶ ስለ ቆየ ነው።

ጉዳዩ ከምሳሌ ያለፈ ነው። «ቡና ኃይል ይሰጣል» ብሎ የሚያምን ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ ሌሊቱን በቡና ይገፋል። በጎልማሳ ሰው ደም ውስጥ የገባው ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያጸናው ግን በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንግዲህ የስልክ ሽቦውን ምሳሌ ብቻ ይዞ የወጣው ተማሪ በገዛ ራሱ ላይ የሚደርሰውን ነገር ሊመረምርበት አይችልም።

ስለዚህ መምህራን ከተግባሩ ተነሥተው ወደ አካሉ ቢሄዱ ይመረጣል። ለዚህም ማይክሮስኮፕ የግድ አያስፈልግም። አንዱ ተማሪ ማስመሪያ ሳያስጠነቅቅ ሲለቅ ሌላው በጣቶቹ ይያዘው፤ ማስመሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ከወደቀ በኋላ ከተያዘ 0.2 ሴኮንድ ያህል አልፏል ማለት ነው። የዚህ ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው በዓይንና በአንጎል ውስጥ መልእክቱ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሲሸጋገርና ሲመዘን ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም በፈተና «የነርቭ ሕዋስን ክፍሎች ዘርዝር» ከማለት ባሻገር፣ «ቡና የጠጣ ሰው ድካሙ ሳይለቀው እንቅልፍ የሚያጣው ስለ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ተማሪው የሸመደደውን ሳይሆን የተረዳውን ለመለካት ይችላሉ።