ክትፎና ከበሮ፦ ስለ ምግብ ቤት መድረክ የቀረበ ሂስ

የዚህች መጽሔት አንባቢ ሂስ ሲባል የለመደው የልብ ወለድ፣ የግጥም፣ ሲበዛም የቴአትር ሂስ ነው። አሁን የያዝነው ጉዳይ ግን ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አይገኝም። በጣባ ሆኖ፣ በቅቤ ርሶ፣ ከኮባ ቅጠል ጋር ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ ከፊት ለፊቱም ከበሮ ይመታለታል። «ይኼ ደግሞ ምኑ ሥነ ጽሑፍ ነው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ዘፈኑ ግጥም አለው፤ ጭፈራው ቅንብር አለው፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንዲመጣ የወሰነም ሰው አለ። ደራሲ ያለው ነገር ሁሉ ሊተች ይችላል።

ባለፈው ዓመት ከክፍላችን አራት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና ከአዲስ አበባ የክትፎ ቤቶች በአንዱ፣ ባለቤቱ የጉመር ሰው በሆኑበት ቤት፣ አንድ ምሽት አመሸን። (የተማሪ ኪስና የክትፎ ዋጋ እንደማይተዋወቁ ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለት ሳህን ለአራት አዘን ቆጮው እንዲደጋገም ጸለይን።) ለመስቀል ደግሞ ከአራታችን አንዱ ወደ ተወለደበት ወደ አረቅጥ ይዞን ሄደ፤ እዚያም ባንድ በሚቆምበት አንድ ቤት በላን። የምንተቸው ሁለቱን ምሽቶች አንድ ላይ ነው። የቤቶቹን ስም አንጠራም፤ የምናወራው ጠባይ የእነሱ ብቻ አይደለምና።

በመጀመሪያ ስለ ምግቡ። ክትፎ ስሙን ያገኘው ከመክተፍ ነው። ጅማትና ስብ የወጣለት ቀይ ሥጋ በቢላዋ ደቅቆ፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ተለውሶ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ገብቶበት፣ እንደ በላተኛው ልብ ጥሬ ወይም ለብለብ ወይም ብስል ሆኖ ይቀርባል። የአዲስ አበባው ቤት በዚህ በኩል የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ሥጋው እንደ ቅቤ ይቀልጥ ነበር፤ አይቡ ለስላሳ፣ ጎመኑ በጥንቃቄ የተከተፈ። ባለሙያ እጅ እንዳለበት ያስታውቃል።

ነገራችን ያለው ቆጮው ላይ ነው። ምናሌው ላይ ክትፎ በትልቅ ፊደል ከነዋጋው ተጽፏል፤ ቆጮ ግን «ጋር» ከምትል ቃል በኋላ በትንሹ ተለጥፏል። በቴአትር ቋንቋ ብንናገር ክትፎ ዋና ተዋናይ፣ ቆጮ አጃቢ መሆኑ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ከዚያ ገበታ ላይ ረጅሙን ሥራ የጠየቀው የትኛው ነው? እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ከደረሰ በኋላ ሴቶች ተሰባስበው ይፍቁታል፤ የተፋቀው በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይቆያል፤ ከዚያ ይወጣል፣ ይጨመቃል፣ ቃጫው ይከተፋል፣ ይጋገራል። ጉራጌው ውሳ ይለዋል። ሥጋ የበዓል ነው፤ ውሳ የዓመቱ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ ርእስ ሲሰጠው የእንሰት ባህል ሕዝብ አለ እንጂ የክትፎ ሕዝብ አላለም። አዲስ አበባ የቀረበልን ቆጮ ስስ፣ ነጣ ያለና ጠረኑ የተወሰደበት ነበር፤ እንግዳ እንዳይሸሽ ይመስላል። የአረቅጡ ወፍራም ነው፤ ይኮመጥጣል፤ መኖሩንም ከደጅ ጀምሮ ያስታውቃል። ከመካከላችን አንዱ የአዲስ አበባውን መረጠ። የአረቅጡ ልጅ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረገለትም።

(በመንገድ ላይ ያለ ነገር፦ የዚያ ምናሌ አናት «የደቡብ ምግቦች» ይላል። የጉራጌ ዞን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው፤ ምናሌው ግን ገና አልሰማም። ለነገሩ ከአረቅጥ ቆሞ ለሚያይ ሰው ደቡብ ማለት ሌላ ሰው አገር ነው።)

አሁን ወደ መድረኩ። የባህል ምግብ ቤት ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ሊወጣው ይችላል። የጎንደርና የጎጃም እስክስታ ይከፍታል፤ ትግርኛው ይከተላል፤ ኦሮምኛው ይመጣል፤ ወላይትኛው ወገብ ያስፈትሻል፤ በመጨረሻ እንግዳው ጠግቦ ማፋሸግ ሲጀምር ጉራጊኛው ይለቀቃል። ጉራጊኛ እዚህ ላይ ማንቂያ ደወል ነው። ኦርጋኑ ይፈጥናል፤ ጨፋሪዎቹ ባሉበት ቆመው ይሮጣሉ፤ ጭብጨባው ጣሪያ ይነካል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ክትፎውን ለሸጠው ቤት ስም የሰጠው ሕዝብ በገዛ ማዕዱ ላይ አምስት ደቂቃ ደረሰው ማለት ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ከሰማይ አልወረደም። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ጀምሮ የየአካባቢው ዘፈን ለከተማ ተመልካች ሲመጠንና ሲሳጠር ኖሯል። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየቀበሌውና በየአውራጃው ሲቋቋሙ ይኸው አሠራር ወደ ታች ወረደ። በ1980 ዓ.ም. በውጭ አገሮች የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ደግሞ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ጭፈራ በአንድ ምሽት አከታትሎ በማሳየት ቅርጹን አከበረው። ለዚያ ዓላማ ቅርጹ ተገቢ ነበር እንላለን፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ኢትዮጵያ በአንድ ምሽት እንድትታየው ይፈልጋልና። የክትፎ ቤት እንግዳ ግን ባሕር ማዶ አይደለም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ነው።

እኛ ከፕሮግራሙ በኋላ ዘፋኟን አነጋገርናት። ትሑትና የደከማት ልጅ ናት። ጉራጊኛውን ከስልክ እየሰማች በቃል እንዳጠናችው፣ ትርጉሙን እንደማታውቅ፣ በአንድ ምሽት በስድስት ቋንቋ እንደምትዘፍን አልደበቀችንም። የአረቅጡ ጓደኛችን ከሰማው ስንኝ ግማሹን ማውጣት አልቻለም፤ ቃላቱ እየተነካኩ፣ እየተዋዋጡ አንድ ድምፅ ሆነዋል። በእሷ ላይ የምንፈርደው ነገር የለንም። በስድስት ቋንቋ የሚዘፍን ሰው ያከብሩታል እንጂ አይወቅሱትም። ትርጉሙን የሚነግራት ሰው ግን ከወጥ ቤቱ እስከ ገንዘብ ተቀባዩ ሞልቶ ነበር፤ ቤቱ የጉራጌ ቤት ነው እኮ! ማንም አልጠየቀም፤ ማንም አልነገራት።

ባለቤቱን ስንጠይቃቸው ሳቁብን። «ልጆቼ» አሉ፣ «ሰው የሚመጣው ሊበላ ነው። ግጥም የሚያዳምጥ እንግዳ ሁለተኛ ሳህን አያዝም።» ይህን አባባል አቅልለን አላየነውም። ጋሼ በልጅነታቸው ከጉመር በባዶ እግራቸው ወጥተው፣ ጫማ ጠርገው፣ ዕቁብ ጥለው እዚህ የደረሱ፣ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆኑ ሰው ናቸው። የሒሳቡን ነገር ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ይሁንና አባባላቸውን የሚያፈርስ ምስክር እዚያው ከተማ ውስጥ አለ፤ የአዝማሪ ቤት። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር እንግዳው ግጥም ያቀብለዋል፤ ይሞገሳል፣ ይነካል፣ ይስቃል፣ ይሸልማል፣ ያዛል። እዚያ ቤት ገንዘቡን የሚያስወጣው ቃሉ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ እንኳ፣ መላኩ በላይ በጨፋሪነት ጀምሮ በኋላ ራሱ የያዘው ቤት፣ በ2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ ቦታውን እስኪለቅ ድረስ ሰው የሚጎርፍለት ለመብል አልነበረም።

ሌላም ምስክር እንጥራ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ከጉራጌ ቤተሰብ መርካቶ የተወለደው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሪዞና በሚባል የማታ ቤት ተላላኪና የእጅ ሥራ ሠራተኛ ነበር። አንድ ምሽት የክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፋኞች ሲቀሩ «እኔ ልሞክር» አለ፤ የቀረውን ታሪክ አገር ያውቀዋል። ይህን የምናነሳው ለተረት አይደለም። በምግብና በመጠጥ ቤት ውስጥ ሳህን የሚያነሳው ሰው ከመድረኩ የበለጠ ዘፈን ሊያውቅ እንደሚችል ለማሳየት ነው። በዚያ ክትፎ ቤትም ቆጮ የሚያመላልሱት ልጆች ጉራጊኛው ሲጀመር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዘፋኟ ይልቅ እነሱ ትክክል ነበሩ፤ ጓደኛችን መሰከረ።

በዚህ ላይ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ድርሻም አለበት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራጊኛ ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ላይ ታተመ። ከአራታችን ሦስታችን ይህን የሰማነው አረቅጥ ከሄድን በኋላ ነው። ጉመርኛ ለቸሃ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ማለትም በዚያ ምሽት አምስት ደቂቃ የተሰጠው ቋንቋ ልብ ወለድ የተጻፈበት ቋንቋ ነው።

ወደ አረቅጥ እንለፍ። አረቅጥ ደጋ ናት፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ እንሰት፤ ማታ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው ከተማይቱን ያጥለቀልቃታል። እኛም፣ የከተማ ልጆች ነንና፣ ንጹሑን ነገር እዚህ እናገኛለን ብለን ጓጉተን ነበር። የገባንበት ቤት ምን አደረገ? ኦርጋን አቆመ። ጨፋሪዎቹን የአዲስ አበባውን ቀሚስ አለበሰ። በጎንደር እስክስታ ከፈተ! ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ ተከታተሉ፤ ጉራጊኛው፣ አረቅጥ ውስጥ፣ በመስቀል ሰሞን፣ መጨረሻ መጣ። ወይ ጉድ አልን። አዲስ አበባ ከጉመር የወሰደውን ዘፈን ጉመር ከአዲስ አበባ መልሶ ሲወስደው ተራውንም አብሮ ወስዶታል።

ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። ጉራጊኛው ሲጀመር ቤቱ ሙሉ ተነሣ። ማንም ሳህኑን አላየም። ከወልቂጤ የመጣችው ዘፋኝ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከበር አጠገብ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «ቆይ የኔ ልጅ» አሉና ቃሉን አረሙላት። ልጅቱ አፈረች፤ ከበሮ መቺው ሳቀ፤ ኦርጋኑ ዝም አለ። እማማ ስንኙን እስከ መጨረሻው ብቻቸውን አሉት፤ በኦርጋኑ ፍጥነት ሳይሆን ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል። ሰው ተቀበላቸው። ዘፋኟ ከእሳቸው አፍ እየሰማች ደገመችው፤ ከበሮውም ወደ እሳቸው እርምጃ ወረደ። ለካ ዘፈኑ ዝግ ሲል የሚያዝን ዘፈን ነው። ጓደኛችን እንደነገረን ስለ መንገደኛ ነው፤ አገሩን ለቅቆ ለሥራ ስለሄደና መስቀል ደርሶ ስላልመጣ ሰው። ይህን ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ለማፋሸግ ማስታገሻ እየሮጡ የሚጨፍሩት! የሚጨፈርላቸውም ብዙዎቹ ራሳቸው ያ መንገደኛ ናቸው።

ቅርጽና ይዘት ተጣልተዋል ስንል ይህን ነው። ፍጥነቱ የጉራጌ አይደለም አላልንም፤ የጉራጌ ጭፈራ ፈጣን ነው፤ በዓሉ ሲጋጋል እግር መሬት አይነካም። ግን ፍጥነት የሚደረስበት ነገር ነው። በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መካከላቸው ጀፎረ አለ፤ የማይታረስ፣ የማይታጠር ሰፊ ሣር። ሰው በቤት ይበላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከዚያ ወደ ጀፎረ ይወጣል፤ ዘፈኑ እዚያ ይጀመራል፣ እዚያ ይሞቃል። መብሉና ዘፈኑ ቦታም ሰዓትም ለየብቻ ነበራቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛቸው ከተማ ነው። ስለዚህ «የጥንቱን አበላሻችሁ» ብለን አንከስም፤ አዲስ ዘውግ ነው፤ እንደ ዘውግ ይመዘን። ሲመዘን ደግሞ የአዲስ አበባው ቤት በምግቡ ያለፈውን በዘፈኑ ወድቋል፤ የአረቅጡ ቤት እስከዚያ ስንኝ ድረስ ወድቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አለፈ። ያሳለፉትም ደመወዝ ያልተከፈላቸው እናት ናቸው።

ጋሼ ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት ዕዳ የለብንም ብለን አንድ ነገር እናሳስባቸው። ጉራጊኛውን ወደ መጀመሪያ ያምጡት፤ እንግዳው ሳይጠግብ፣ ጆሮው ክፍት ሳለ። ኦርጋኑን ለሁለት ስንኝ ያስቁሙት። ቆጮ ከሚያመላልሱት ልጆች አንዱን ለዘፋኟ ቃሉን እንዲያስጠናት ያድርጉ። ለዚህ ሁሉ ወጪው የአንድ ሳህን ክትፎ አይሆንም፤ ሁለተኛውን ሳህን ደግሞ እኛ ለማዘዝ ቃል እንገባለን፤ ከአራት ሆነን።

ጓደኛችን የእማማን ስንኞች እዚያው በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ አምጥቷል። በሚቀጥለው እትም እንዲወጡ ለአዘጋጆቹ ሰጥተናል። እሱ በጉራጊኛ ብቻ ይውጡ ይላል፤ ሁለታችን ከሥሩ የአማርኛ ትርጉም ይግባ እንላለን፤ አራተኛችን፣ ያ ስሱን ቆጮ የመረጠው፣ መጀመሪያ እማማን ማስፈቀድ አለብን ይላል። በዚህ በመጨረሻው ሁላችንም ተስማምተናል፤ የአረቅጡ ልጅ ለገና ሲገባ ይጠይቃቸዋል።