ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ አውራሪስ ነበርን?

ግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ስላበቀለው የጥንት መጻሕፍት አውሬ በተነሣ ቁጥር የሚቀርብ አንድ የታወቀ መልስ አለ፤ «የጥንት ሰዎች አውራሪስ አይተው ነው ያጋነኑት» የሚል። መልሱ አጭርና ለጆሮ የሚጥም ነው። ችግሩ ሁለቱን ለይቶ የጻፈ ምስክር መኖሩ ነው፤ ያውም አገራችንን የረገጠ።

ሰውየው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስ የደረሰው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ነው። ዓለም ክዳን ያላት ሣጥን ናት ብሎ የተከራከረ ሰው ስለሆነ ለጂኦግራፊ አንጠቅሰውም። ያየውንና የሰማውን በመለየት ረገድ ግን ጠንቃቃ ነው። አውራሪስን በሕይወት ሳለ ከሩቅ እንዳየው፣ ገለባ የተሞላ ቆዳውንም በንጉሡ ቤት ቆሞ እንዳገኘው፣ በዚህም ምክንያት አስተካክሎ ሊሥለው እንደቻለ ይነግረናል። የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም ሳይቀር በግሪክ ፊደል መዝግቦታል፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «አርዌ ሐሪስ» መሆኑን ወዲያው ይለየዋል። የዛሬው «አውራሪስ» የዚያው ልጅ ነው።

ባለ አንድ ቀንዱን ግን እኔ አላየሁትም ይላል፤ ያየው ባለ አራት ግንቡ ቤተ መንግሥት ውስጥ የቆሙ አራት የነሐስ ምስሎቹን ነው። አዳኞች ሲያስጨንቁት ከገደል ተወርውሮ በቀንዱ እንደሚያርፍና ምንም እንደማይሆን ሰዎች ነግረውታል። (ያን ሁሉ ክብደት በአንዲት ነጥብ ተቀብሎ አንገቱ የማይሰበር ፍጡር! እኔ በሙያዬ እንዲህ ያለ ንድፍ ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም።) ይኸው ወሬ በአውሮፓ የአራዊት መጻሕፍት ውስጥ ስለ ተራራ ፍየል ይነገራል፤ እሱ ግን ሁለት ቀንድ አለው። ወሬ ከአውሬ አውሬ ይዘላል ማለት ነው።

ቀንዱ አንድ የሆነው በምን ምክንያት ነው? ክቴሲያስ የተባለው ግሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ገደማ ስለ ህንድ ባለ አንድ ቀንድ የዱር አህያ ጽፎ ነበር። ኦሪትን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት ደግሞ ዕብራይስጡ «ረኤም» ያለውን፣ የዱር በሬ ሳይሆን የማይቀረውን፣ «ባለ አንድ ቀንድ» ብለው ተረጎሙት። ዘዳግም 33፥17 ላይ የዚሁ አውሬ ቀንዶች በብዙ ቁጥር ስለተጠሩ፣ ትርጉማቸው «የባለ አንድ ቀንዱ ቀንዶች» የሚል ጉድ አስከተለ። ማንም አላረመውም።

ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ፣ ሆመል የተባለው ጀርመናዊ በ1877 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ከዚህም ይርቃል። የእሱ አውሬ የግልገል ያህል ትንሽ፣ ግን ኃይለኛ ነው፤ የሚያዘውም በድንግል እቅፍ ብቻ ነው፤ ምሥጢሩም የክርስቶስ ሥጋ መልበስ ነው። አርዌ ሐሪስን በስሙ የሚያውቅ የአክሱም አንባቢ ያንን ግዙፍ በድንግል ጭን ላይ እንዴት ሊያስቀምጠው ይችላል? የአውራሪስ ትርጓሜ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ወገኖቼም ቢሆኑ አይቸኩሉ። «አራት ምስል ከቆመለት አውሬው የኛ ነበር» የሚል ክርክር አያስኬድም፤ ለንደን ትራፋልጋር አደባባይም አራት የነሐስ አንበሶች ተኝተዋል። ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ጽሑፍ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሐውልቶች ማቆሙን ስለነገረን፣ አክሱም ምስል ማቆም እንደማያንሳት እናውቃለን። እኔን የሚያጓጓኝ የአራቱ ምስሎች ሠሪ ሞዴሉን ከዳዊት መዝሙር ወሰደው ወይስ በቀይ ባሕር ከመጣ የህንድ ወሬ የሚለው ነው።