ወንድ ወይስ ሴት? አሸዋውን ጠይቁት!

ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ የምነግረው አንድ ነገር አለኝ፦ አዞ ሲፀነስ ወንድም ሴትም አይደለም! ጾታውን የሚለየው ሙቀት ነው። አዎ፣ እንቁላሉ የተቀበረበት አሸዋ ሙቀት!

ትምህርት ቤት ኤክስና ዋይ ተብሎ የተማርነው ትዝ ይለኛል፤ የሰው ጾታ ገና ሲፀነስ ከአባቱ በሚመጣው ክሮሞዞም ይለያል። ፍጥረት ሁሉ በዚሁ ሕግ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አዞ ግን የጾታ ክሮሞዞም የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም! የናይል አዞ፣ ያው የጫሞ ሐይቁ አዞ፣ ዳር ላይ ጉድጓድ ትቆፍርና በአሥራዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎቿን ጥላ አሸዋ ታለብሳቸዋለች። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። በዚህ ጊዜ አጋማሽ ላይ አሸዋው ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ከሞቀ በብዛት ወንዶች ይፈለፈላሉ። ከዚያ ቀዝቀዝ ካለ ሴቶች፤ ከዚያ በላይ ከጋለ ደግሞ እንደገና ሴቶች! ጤነኛን ልጅ ትኩሳት ከያዘው የሚለየውን ያህል ልዩነት እኮ ነው። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ይኸኛው ነው፦ ከአንድ እናት ወጥተው፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ካደሩት እንቁላሎች፣ ከላይ ያለው ሲሞቅ ከታች ያለው እየቀዘቀዘ፣ አንዱ ወንድ ሌላው ሴት ሊሆን ይችላል።

ሙቀት ጾታን የመለየቱ ምስጢር መጀመሪያ የተገለጠው ደግሞ በእኛው አህጉር ነው! እ.ኤ.አ. በ1966 ማድሌን ሻርኒዬ የተባሉ ተመራማሪ ሴኔጋል፣ ዳካር ውስጥ የእንሽላሊት እንቁላሎችን በተለያየ ሙቀት አስፈለፈሉ። ቀዝቀዝ ያለው ሴት፣ ሞቅ ያለው በአብዛኛው ወንድ ሰጣቸው። ያኔ ብዙም ጆሮ የሰጣቸው አልነበረም። ዛሬ ግን የባሕር ኤሊዎችም በሙቀት እንደሚለዩ እናውቃለን፤ በእነሱ ዘንድ ሙቀቱ ሴት፣ ቅዝቃዜው ወንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በሞቃታማው ሰሜን አውስትራሊያ ዳርቻ ከተፈለፈሉት ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች 99 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል። ምድር ስትሞቅ እንዲህ ያለውን ፍጥረት ነው የምትነካው!

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። ወንድ ሆኖ ይሂድ ወይስ ሴት፣ የጥቂት ሳምንት ፀሐይ እንደምትወስን ግን ማንም አልነገረኝ። እናንተ አርባ ምንጭ ስትሄዱ፣ ጫሞ ላይ በጀልባ ሆናችሁ አዞዎቹን ብቻ አትዩ። አሸዋውንም እዩት፤ ከሥሩ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ፀሐይ ወንድና ሴት እየለየች ይሆናል።