«ሲስተር» የሚለው ማዕረግና የተሰወረው ድካም

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1868 «ኡና እና አንበሳው» በሚል ርእስ ያሳተመችው ጽሑፍ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለአንዲት ነርስ የቀረበ ሙሾ ነው። ሟቿ አግነስ ጆንስ በ1865 ዐሥራ ሁለት የሠለጠኑ ነርሶች አስከትላ በሊቨርፑል ወደ ብራውንሎ ሂል ወርክሃውስ የሕሙማን ክፍል ገባች፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላት በታይፈስ ሞተች፤ ዕድሜዋ 35 ነበር። ወርክሃውስን «ሥራ ቤት» ብሎ መተርጐም አንባቢን ያሳስታል፤ በእኛ ዘንድ ቃሉ የቤተ መንግሥቱን የጓዳ ሠራተኞች ያስታውሳልና። የ1834ቱ ሕግ ያጸናው ግን ምንዱባን እንዲሸሹት ሆን ተብሎ የከፋ የተደረገ መጠለያ ነው።

የናይቲንጌል ጽሑፍ ስለ ሥልጠና አስፈላጊነት አጥብቆ መከራከሩን አልክድም። ነቀፌታዬ በምሳሌው ላይ ነው። ኡና ከስፔንሰር ግጥም የተወሰደች፣ አንበሳ የተገራላት ድንግል ናት። ነርሷ እንዲህ ከተቀደሰች፣ «ስንት ሰዓት ቆመች? ስንት ተከፈላት?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቈጠራል።

ከእርሷ በፊት የነበሩት ደግሞ ቅድስናም አልደረሳቸው። በወርክሃውሶቹ በሽተኛውን የሚያገላብጡት፣ ሬሳ የሚያጥቡት፣ ሌሊቱን የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ተጧሪ የሆኑ አሮጊቶች ነበሩ፤ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ጥቂት ተጨማሪ ምግብ፣ ሻይ፣ ቢራ ወይም አረቄ ይጣልላቸው ነበር። ዲክንስ በ«ኦሊቨር ትዊስት» (1837–39) መክፈቻ ላይ በቢራ የደነዘዘች አሮጊት ነርስ ፊት ያቆመናል፤ አንባቢ ይሥቃል ወይም ይጸየፋል። ልብ ብሎ ያነበበ ግን ቢራው የተመደበላት እንጂ የሰረቀችው አለመሆኑን እዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያገኘዋል። ቢራው ደመወዟ ነበር። ተጧሪዎችን በነርስነት ማሠራት በደንብ የተከለከለው በ1897 ነው፤ ከልቦለዱ ስድሳ ዓመት በኋላ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1939 ተመረቁ፤ በጋይስ ሆስፒታልም ሠሩ። በ1942 ለቀምት ላይ ዐረፉ፤ መታሰቢያ ሆስፒታላቸው በ1951 ተከፈተ። ስለ እርሳቸው በአማርኛ የተጻፈው፣ ይህ ጸሐፊ ያነበበው ያህል፣ ልዕልቲቱን ያወድሳል፤ ነርሷን ያልፋታል። አልጋ ማንጠፍና የሽንት ዕቃ ማጠብ ክብር ይቀንስ ይመስል፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ መማሯ ይነገራል፤ መሥራቷ ግን በ«ርኅራኄ» ይሸፈናል።

አስታማሚ የሚለው ቃላችን የቤት ቃል ነው፤ አስታማሚ እናት ናት፣ እኅት ናት፣ ክፍያ አይታሰብላትም። ሆስፒታል ሲመጣ ቃሉን ትተን ከእንግሊዞች «ሲስተር» ን ተዋስን፤ ትርጕሙ መልሶ እኅት መሆኑ ግን አላስገረመንም። የጀርመኖቹም «ሽቬስተር» ያው ነው። ናይቲንጌልም ጆንስም ትምህርት የቀሰሙበት የካይዘርስቬርት የዲያቆናውያት ቤት (በ1836 የተመሠረተ) ለእኅቶቹ ቀለብ፣ ጥቂት የኪስ ገንዘብና የጡረታ መጠጊያ እንጂ የግል ደመወዝ አይሰጥም ነበር። የጀርመን ሕግ ይህን «እኅት» የሚል የሙያ መጠሪያ የቀየረው በ2004 ነው። እኛ ዛሬም «ሲስተር» እንላለን፤ እኔም እላለሁ፣ ጆሮዬ ሌላውን አልለመደምና።

ማለዳ ወደ ቦናመስ በሚመለሰው ባቡር አዳር ሠርተው፣ እግራቸው አብጦ የሚገቡ የሀገሬ ልጆች አሉ። የስደት ታሪካችንን ስንጽፍ ሚኒስትሮችን፣ ገጣሚዎችን፣ ፕሮፌሰሮችን እንዘረዝራለን፤ የስብሰባ አዳራሻችንን ኪራይ በመዋጮ ስትከፍል የኖረችው ነርስ በመጽሔቶቻችን ስሟም ሥራዋም የለም። የአዳር ተራዋ፣ የደመወዝ ወረቀቷ፣ ጀርባዋን የጐዳው አልጋ ለታሪክ ጸሐፊ ሰነዶች ናቸው፤ የጠየቃት ግን አላየሁም። እኔም ሠላሳ ዓመት አልጠየቅሁም። ከማውቃቸው ሁለቱ በመጪው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ።