«ይበል» ስለ ማለት

ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው መጽሐፍ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ከታተመ ወዲህ፣ የአማራ ሰው በልቡ ያለውን በአፉ አይገልጥም፤ ደስታውንም አድናቆቱንም በቅኔ መጋረጃ ይሸፍናል የሚለው ነገር ከሊቃውንት አልፎ በከተሜው ሁሉ አፍ ገብቷል። ሌቪን በሰሚ ሰሚ አልጻፈም። ቋንቋውን ተምሮ በመንዝ ደጋ ከገበሬው ጋራ ተቀምጧል፤ ከዚህም መጽሐፍ አንድ ዓመት በፊት ስለ መንዝ ታሪክና ባህል ለብቻው ጽፏል።

ድርብ ንግግር ለሳቅ ለጨዋታ፣ ባላጋራን በጨዋ ደንብ ለመውጋት፣ የቤትን ምስጢር ከወሬኛ ለመጠበቅ፣ ባለሥልጣንንም ሳይያዙ ለመንቀፍ ይረዳል ማለቱ እውነት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ያደገ ሰው ይህን አይክድም። በዚያ አገር ያየውን ሁሉ የሚያደንቅ፣ የወደደውንም ወዲያው ወደድሁ የሚል ሰው ቂል ይባላል፤ ቂል ካልተባለም አሸርጋጅ ይባላል። ደገኛው ገላውን ከብርድ በባና እንደሚሸፍን ልቡንም በንግግር ይሸፍናል።

ነገር ግን ሌቪን ይህ ልማድ ግልጽ ቃል ከሚሻው ከአዲሱ ዘመን ሥራ ጋራ አይስማማም ብሎ ሲፈርድ፣ ፍርዱን ያቆመው በመሸፈኑ ላይ ነው። የመገለጡ ሰዓት በሚዛን አልገባም። አንጥረኛ የጌጡን ምስል በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከእሳት ሲያገባው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይገባል። ሰም የተሠራው ሊቀልጥ ነው።

በማሕሌት ባለቅኔው ቃሉን ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀበለዋል፤ ሊቃውንቱ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ሰሙ ተፈትቶ ወርቁ ሲወጣ ግን ያ ጭምቱ ሽበታም መሪጌታ ሳይቀር «ይበል! ይበል!» ይላል። ይህ ጩኸት ውዳሴ ከንቱ አይደለም፤ ሕግ አለውና። ቤቱ ከተሰበረ፣ አገባቡ ከፈረሰ፣ ምስጢሩም ከተፋለሰ ይበል የሚል አይገኝም፤ በቅኔ ቤት እንደ ሆነ መምህሩ ያርመዋል። ሎሌ ጌታውን ሲያወድስ እንዲህ ያለ ዳኛ የለበትም። ደግሞም ቅኔ በየበዓሉ አዲስ ነው፤ ትላንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። እንግዲህ መልካም ቅኔ ሰምቶ ለክብሩ ሲል ዝም ያለ ሰው ያንኑ ቅኔ የሚያመሰግንበት ሌላ ቀን አያገኝም።

ቅኔ ሲባል «ተዘረፈ» ይባላል፤ ፎካሪም ሲነሣ «ዘራፍ!» ይላል። ግሡ አንድ ነው። ያ ልቡን የሸፈነ ገበሬ በሠርግና በደቦ፣ በለቅሶም ቀን የሟቹን ጀግንነት ሲቆጥር፣ ደሙ ፈልቶ ያለ አንዳች መጋረጃ ይናገራል። ያን ጊዜ ቂል የሚለው የለም፤ ጎረቤቱም አብሮት ይነሣል።

ቀልድ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ስማቸው የሚጠራው የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ምላሳቸው ትንሽ ትልቅ አይልም ነበር ይባላል። ዳሩ ግን እኒሁ ፌዘኛ የተባሉት ሰው በአቋቋም አዲስ ስልት አወጡ፤ በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ከደብረ ታቦር ተስፋፋ። በጣና ዳር ሸምበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው እንዳወጡት በቃል ይነገራል። መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ጽናጽሉ ሲመታ፣ በዚያ ዝማሜ ውስጥ አንዲት የፌዝ ጠብታ አትገኝም። ቀልዳቸውን የሚያወራ ብዙ፣ ዝማሜያቸውን የሚያውቅ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

የዛሬው የከተማ ወጣት ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ ሰሙን ብቻ ወርሷል። ማናቸውንም ነገር በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ ብሎ ማለፍን ዕውቀት ያደርገዋል፤ የወደደውን ግጥም እንኳ ወደድሁ ለማለት ያፍራል። ቢጠይቁትም የአገር ባህል ነው ብሎ የሌቪንን መጽሐፍ ይጠቅሳል። ሰም ብቻ ያለው ንግግር ግን በቅኔ ቤት ቅኔ አይባልም።

ይህ ወጣት አቶ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ቃል ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ቢያነብ ይጠቀማል። አለቃ ለማ ጨዋታ አዋቂ፣ ነገር አዋቂ ናቸው፤ የቅኔ መምህራንን ሲያነሡ ግን የሽማግሌው ፍቅር እንደ ተማሪ ፍቅር ይገለጣል። ሌቪን መጽሐፉን ባሳተመበት ዓመት ይህ ገና ከማተሚያ ቤት አልወጣም ነበር፤ ደርሶለት ቢሆን ስለ ይበል አንድ ምዕራፍ ሳይጨምር አይቀርም ነበር።